የቅርጫቱ ቁመት፦ የሕፃናት ቅርጫት ኳስ ሥልጠና ታሪክ ከጎንደር ደጋ አንጻር

ቅርጫት ኳስ የሚለው የአማርኛ ስም ከውጭው ቃል በቀጥታ የተተረጎመ ሲሆን፣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ከሚታየው ዕቃ ይልቅ ጨዋታው ሲፈጠር ከነበረው ዕቃ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ዛሬ በምሰሶ ጫፍ ላይ የሚታየው መረብ የተንጠለጠለበት፣ ብዙ ጊዜም መረቡ አልቆ ባዶውን የቀረ የብረት ቀለበት ነው፤ መጀመሪያ የተሰቀለው ግን በእርግጥም ቅርጫት ነበር። ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳንጃና ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ትክል ድንጋይንና በዙሪያዋ ያለውን ደጋ መነሻ አድርጎ የዚህን ጨዋታ ታሪክ ለሚመረምር ሰው፣ ጨዋታው ወደ አገር መቼ ገባ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የሚከብደው፣ ከገባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጨዋታ ወደ ስምንትና ወደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ለመድረስ ለምን ይህን ያህል ዘገየ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ መልስ ባጭሩ ሲቀመጥ፣ ጨዋታው ከኮሌጅና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ አንደኛ ደረጃ የወረደ በመሆኑ የአዋቂውን ሜዳ፣ የአዋቂውን ኳስና የአዋቂውን የቅርጫት ቁመት እንደያዘ ወረደ፤ ለሕፃን የሚስማማው ልክ በሌላ አገር ቀደም ብሎ ቢዘጋጅም ከጨዋታው ጋር አብሮ አልመጣም የሚል ነው።

የጨዋታው ልደት እንደ ብዙ ስፖርቶች በአፈ ታሪክ የተሸፈነ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በኢትዮጵያ ወወክማ በሚለው አኅጽሮት የሚታወቀው የወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አሠልጣኞቹን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ይሠራ የነበረው ካናዳዊው ጄምስ ናይስሚዝ፣ በብርዱ ወራት ወደ ሜዳ መውጣት ላልቻሉ 18 ተማሪዎች በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ነገር እንዲፈልግላቸው ታዝዞ በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1891) አዲሱን ጨዋታ አስጀመረ። የሕንጻውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን እንዲያመጣለት ቢጠይቀው ጠባቂው ሣጥን አጥቶ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ይዞለት መጣ፤ ናይስሚዝም ቅርጫቶቹን በአዳራሹ ዙሪያ ካለው ሰገነት ጠርዝ ላይ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ጫፍ በምስማር መታቸው። ሰገነቱ ከወለሉ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነበርና ያ ቁመት እስከ ዛሬ የዓለም ሕግ ሆኖ ቀረ። ቅርጫቱ ቂጥ ስለነበረው ኳስ በገባ ቁጥር ሰው በመሰላል እየወጣ ያወጣው ነበር፤ ደግነቱ በመጀመሪያው ግጥሚያ የገባው አንድ ኳስ ብቻ ነው። በዚያው ታኅሣሥ ጎንደር በጥር 1880 ዓ.ም. ከሳር ውሃው ጦርነት በኋላ የገቡት የሱዳን ድርቡሾች ካደረሱባት ቃጠሎ ገና አላገገመችም፤ ደጋውም ከብቱ በበሽታ ያለቀበትንና ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰውን የረኀብ ዘመን ገና እየጨረሰ ነበር። ሁለቱ ታሪኮች እስኪገናኙ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት።

ከስፕሪንግፊልዱ አዳራሽ ሁለት ነገሮች ሊጤኑ ይገባል፤ ሁለቱም ለሕፃናት ሥልጠና ከሚገመተው በላይ ይጠቅማሉ። አንደኛው ቁመቱ ነው። 3.05 ሜትር የተባለው ልክ በሰው አካል ጥናት ላይ አልተመሠረተም፤ አናጢ ለሌላ ጉዳይ የሠራው ሰገነት የአጋጣሚ ልክ ነው። በአጋጣሚ የተገኘ ልክ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ከአንድ ሜትር ከሃያ ለማትበልጥ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ፊት መቆሙ በስፖርት ታሪክ ውስጥ ካሉት ግራ የሚያጋቡ ነገሮች አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ናይስሚዝ ጽፎ በግድግዳ በለጠፋቸው 13 ሕጎች ውስጥ ኳስን እያነጠሩ መሄድ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ኳስ የያዘ ተጫዋች ይዞ መሮጥ ተከልክሎ ስለነበር ከተቀበለበት ቦታ ለጓደኛው ይወረውር ነበር። ማንጠር፣ ማለትም ኳስን በጣቶች ወደ መሬት ገፍቶ ነጥሮ ሲመለስ መልሶ መግፋት፣ የተከበበ ተጫዋች ኳሱን ለራሱ እንደማቀበል አድርጎ ያመለጠበት፣ ቆይቶ የመጣ ብልሃት ነው፤ በቡድን ደረጃ በሥርዓት የተሠራበትም እ.ኤ.አ. በ1897 በዬል ዩኒቨርሲቲ ቡድን እንደሆነ ይነገራል። የአማርኛው ቃል ቅቤን ለማንጠርም ማገልገሉ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ደስ ይላል፤ ሁለቱም ትዕግሥትና ልከኛ እጅ ይፈልጋሉና። እንግዲህ ጨዋታው ሲወለድ ቅብብል ነበር፤ ማንጠር ተከተለ። የጀማሪዎች ሥልጠና በብዙ ቦታ ከማንጠር መጀመሩ በዚህ ታሪክ ሲመዘን ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ ቅደም ተከተል ነው።

የጎንደር ደጋ ልጅ ኳስ ከማየቱ በፊት ሰውነቱን የሚያሠለጥንበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ይህን ሳይጠቅሱ የዘመናዊ ስፖርትን መግባት ብቻ መጻፍ ታሪኩን ከመካከሉ መጀመር ይሆናል። ቅልብልቦሽ የሚባለው የጠጠር ጨዋታ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ልጅቱ አምስት ጠጠር በመሬት ላይ ትበትናለች፤ አንዱን ወደ ላይ ትወረውርና እሱ እስኪመለስ ድረስ በዚያው እጇ ከመሬት ያለውን አፍሳ የሚወርደውን ትቀልባለች፤ ከአንድ ጀምራ ሁለት፣ ከሁለት ሦስት እያለች ታከብደዋለች። ዓይን አየር ላይ፣ እጅ መሬት ላይ ነው። አሠልጣኞች የዓይንና የእጅ ቅንጅት የሚሉትና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያስተምሩት የሚደክሙበት ችሎታ ይኸው ሲሆን፣ አማርኛም ኳስን በአየር ላይ ለመያዝ «ቀለበ» የሚለውን ግስ የሚጠቀመው ከዚሁ ቤት ነው። የወንዶቹ ደግሞ የገና ጨዋታ ነበር። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጥንጓ የምትባለውን ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር የሚያሳልፉበት ይህ ጨዋታ የተጫዋች ቁጥርም የሜዳ ልክም አልተወሰነለትም፤ የላይኛው መንደር ከታችኛው ተሰልፎ ይገጥማል፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ቢመታም አይቆጣም ይባላል። ጓደኛ የቆመበትን ማየት፣ ክፍት ቦታ መፈለግ፣ ለብቻ ይዞ አለመሮጥ በገና ሜዳ የታወቁ ነገሮች ነበሩ። ሰኞ ማክሰኞ የሚባለው ጨዋታ ደግሞ በአንድ እግር መዝለልን፣ ሚዛን ጠብቆ መቆምንና መዞርን ያስተምራል፤ ቅርጫት ኳስ ከእግር የሚፈልገው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከጨዋታ ሌላ የአብነት ትምህርት ቤት ነበር። ጎንደር በተለይ በበአታ ለማርያም የአቋቋም ትምህርት የታወቀች ናት፤ አቋቋም ማለት የዜማውን ቃል ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አዋሕዶ በሰውነት እንቅስቃሴ የማቅረብ ትምህርት ነው። ተማሪው መጀመሪያ ቃሉን በአፉ ያጠናል፣ ከዚያ መቋሚያውን ይዞ በዝማሜ ይወዛወዛል፣ ቀጥሎ ጸናጽሉን ይጨምራል፤ አንዱ ሳይደላደል ሌላው አይታከልበትም። ፊደል የሚቆጥረውም ሕፃን እንዲሁ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባቡም ከግዕዝ ወደ ውርድ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል፤ የኔታ አንድ፣ ተማሪው ብዙ በመሆኑም ቀደም ያለው ተማሪ አዲሱን ያስጠናል። እዚህ ላይ የሚነገረው አቋቋም ስፖርት ነው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው አባባል ለሁለቱም አይመጥንም። ነገር ግን አንድን እንቅስቃሴ ከፋፍሎ፣ ቀላሉን አስቀድሞ፣ በድግግሞሽ አጽንቶና ታላቅን በታናሽ ላይ አስተማሪ አድርጎ ማሠልጠን ለዚህ አገር እንግዳ ያልነበረ መሆኑ ሊካድ አይችልም።

ስፖርት በትምህርት ዓይነትነት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዘመናዊው ትምህርት ቤት በኩል ነው። በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከቋንቋና ከሒሳብ ጋር የሰውነት እንቅስቃሴ በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ ነበረ፤ በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ተከተለ። ይህ ሁሉ ግን የዋና ከተማው ጉዳይ ነበር። ጎንደር በጣሊያን ወረራ ዘመን የአማራ ግዛት አስተዳደር መቀመጫ ሆና ፒያሳ የሚባለው ሠፈር፣ ሲኒማ ቤቱና ፖስታ ቤቱ ሲሠሩባት፣ ከተማዋ ከዚያ በፊት ያልነበራት ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ወለልና የተነጠፈ መንገድ አገኘች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የቅኝ ግዛቱ ሕግ የጣሊያን ልጆችንና የአገሬውን ልጆች ትምህርት ቤት ለያይቶ ስለነበር፣ የነጩ ልጅ የሚማረው ስፖርት ለአገሬው ልጅ የሚደርስበት መንገድ ዝግ ነበር። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪቃ የመጨረሻ ምሽጉን በጎንደር አስረክቦ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የትምህርት ሥራ በየጠቅላይ ግዛቱ እንደገና የተጀመረው።

የቅርጫት ኳስ እውነተኛ መስፋፋት የዚህ የድኅረ ነጻነት ዘመን ፍሬ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ የውጭ መምህራን በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማርተው ነበር፤ ጨዋታው የተፈጠረበት ማኅበር ራሱም በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ በአራት ኪሎ የሚገኘው ግቢው እስከ ዛሬ በነዋሪው አፍ ወወክማ እየተባለ ይጠራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቫ የተመሠረተው ፊባ የተባለው የዓለም አቀፍ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ አብዛኛዎቹ የአፍሪካ አገሮች ገና ነጻ ባልወጡበት ጊዜ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ወደ ጎንደር ስንመጣ ሁለት ክንውኖች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል መከፈቱና ከየክፍለ አገሩ የመጡ ወጣቶች በአንድ ግቢ መሰባሰባቸው ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በጎንደርም መመደባቸው ነው፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ገደማ ከነበሩት ከእነዚህ የመጀመሪያ ዙር ወጣቶች አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ሲሆኑ፣ ቅርጫት ኳስ በአገራቸው ከልጅነት ጀምሮ የሚታወቅ የሠፈር ጨዋታ ነበር። ስለዚህ ቀለበቱና ሰሌዳው በሚገኙበት ሁሉ ተጫዋቹ ቁመቱ የደረሰ፣ ብዙውን ጊዜም ወንድ የሆነ፣ የሁለተኛ ደረጃ ወይም የኮሌጅ ተማሪ ነበር። የአንደኛ ደረጃው ልጅ የነበረው ድርሻ ከሜዳው ዳር ቆሞ የወጣውን ኳስ ማቀበል ነው። ከአብዮቱ በኋላ ስፖርት በቀበሌና በወጣት ማኅበር ሲደራጅ የተጫዋቹ ብዛት ቢጨምርም የቀለበቱ ቁመት ግን አልተነካም።

ጨዋታው ከጎንደር ከተማ ወጥቶ እንደ ትክል ድንጋይ ወዳሉ የወረዳ ከተሞች ሲሄድ ያጋጠመው እንቅፋት የፍላጎት ማነስ አልነበረም። የከተማዋ ስም ራሱ ጉዳዩን ያስረዳል። ለእግር ኳስ ሁለት ድንጋይ ከዚህ፣ ሁለት ድንጋይ ከዚያ መትከል ይበቃል፤ ኳሱም ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ በገመድ በማሰር ይሠራል። የጨርቅ ኳስ ግን አይነጥርም። ቅርጫት ኳስ የሚነጥር ኳስ፣ የሚያነጥር ወለልና ከፍ ብሎ የቆመ ቀለበት በአንድ ላይ ይፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ደጋ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ፣ ትምህርት በሚከፈትበት ወር የግቢው አፈር ገና ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል፣ ጠጠሩም ይወጣል፤ ጠጠር ላይ ያረፈ ኳስ ወዴት እንደሚፈናጠር የሚያውቅ የለም። የሚያጽናና ካለ የበርሊኑ ኦሊምፒክ ነው፤ ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ1936 የፍጻሜው ግጥሚያ ሜዳ ላይ፣ በዝናብ፣ ጭቃ በሆነ አፈር ተደርጎ ኳሱ አልነጥር ስላለ የአሜሪካና የካናዳ ቡድኖች ባመዛኙ በቅብብል ብቻ ሲጫወቱ ውለው 19 ለ 8 ተለያይተዋል። የዓለም ምርጦች በጭቃ ላይ ማንጠርን ትተው ወደ ናይስሚዝ የመጀመሪያ ሕግ ተመለሱ ማለት ነው።

ለሕፃናት የሚሆነው ልክ የተገኘው ሲሚንቶ ባልቸገረው አገር መሆኑ ያስገርም ይሆናል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ በስክራንተን ከተማ የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ የነበረው ጄይ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በከባዱ ኳስና በረጅሙ ቀለበት ሲቸገሩ አይቶ ኳሱን አነስተኛና ቀላል፣ ቀለበቱንም ዝቅ ያለ አደረገ። ሐሳቡ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ስፔን ገብቶ «ሚኒ ባስኬት» በሚል ስም በአውሮፓ ሲዛመት ፊባም ተቀብሎ የራሱ ሕግ አወጣለት። በዚህ ሕግ ቀለበቱ ከመሬት 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ኳሱ 5 ቁጥር የሚባለው፣ ዙሪያው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ነው፤ አዋቂ ወንዶች የሚጫወቱበት 7 ቁጥር ኳስ ግን 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሩቅ ተወርውሮ ሦስት ነጥብ የሚያሰጥ ኳስ የለም፤ ልጅ ጉልበቱ ሳይደርስ ከሩቅ ለመወርወር ሲል ያልሆነ አወራወር እንዳይለምድ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ሜዳውም 28 ሜትር በ15 ሜትር ከሆነው ሙሉ ልክ እስከ 12 ሜትር በ7 ሜትር ድረስ ሊያንስ ይችላል። የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉም ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነው።

በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ በመጽሐፍ ውስጥ መግባቱ አልቀረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን የስምንት ዓመት ሲያደርግ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሥዕል፣ ሙዚቃና ስፖርት «ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ» በሚል ርእስ ተጣመሩ፤ ሰውነት ማጎልመሻ ማለት አካልን በእንቅስቃሴ የማሳደግ ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሥራ በገባው የስድስት ሁለት አራት አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ ከ1986ቱ ፖሊሲ በፊት እንደነበረው የስድስት ዓመት ሲሆን ትምህርቱ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ተብሏል። በላይኞቹ ክፍሎች መጻሕፍት የደረት ቅብብል፣ መሬት አንጥሮ ማቀበል፣ ከራስ በላይ ማቀበል፣ ማንጠርና ወደ ቅርጫት መወርወር በሥዕል ተደግፈው ይቀርባሉ። በሥዕሉና በግቢው መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። ታችኞቹን ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ስለሚይዝ ስፖርቱን ያጠና መሆኑ ግድ አይደለም፤ ኳሱ አንድ ይሆናል፣ ልጁ ደግሞ ክፍል ሙሉ። በዚህ ጊዜ የሚመረጠው ሰልፍ ነው። አርባ ልጅ በአንድ መስመር ይቆማል፤ ኳሱን አንድ ጊዜ ነክቶ ወደ ጅራቱ ይመለሳል፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነክቶ፣ የቀረውን ጊዜ የጓደኛውን ጀርባ ሲያይ ቆይቷል። ይህን ሥልጠና ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ለዚህ ደጋ የሚስማማው ትምህርት ምን እንደሚመስል ከጨዋታው ታሪክና ከአገሬው ጨዋታ ማውጣት ይቻላል። ትምህርቱ በመቀለብ ይጀምራል። ልጁ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ከፍቶ፣ አውራ ጣቶቹን አቀራርቦ ኳሱን ይጠብቃል፤ ሲደርስበት ክርኑን አጥፎ ወደ ደረቱ ይስበዋል፤ እጁን አድርቆ የሚጠብቅ ልጅ ኳሱ ነጥሮ ይመለስበታል፣ ጣቱንም ያሳምመዋል፤ አንድ ጊዜ ጣቱ የታመመ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓይኑን ይጨፍናል። ለዚህ ደረጃ የሚነጥር ኳስ ስለማያስፈልግ የጨርቁ ኳስ ያገለግላል፤ አርባው ልጅ ሁለት ሁለት ሆኖ በሃያ የጨርቅ ኳስ በአንድ ጊዜ መለማመድ ይችላል። ቀጥሎ ቅብብሉ ይመጣል፤ ሦስት ለሁለት ሆነው ኳሱን ሳያስነጥቁ አምስት ጊዜ መቀባበል፣ ይዞ መሮጥ ክልክል፣ ማንጠርም የለም፤ ይህ በስፕሪንግፊልድ የተደረገው ጨዋታ ራሱ ነው፤ ጭቃም አያስቆመውም። ማንጠር የሚገባው አፈሩ ሲጠጥርና እውነተኛ ኳስ ሲገኝ ነው፤ የተለመደው ስሕተት በመዳፍ መደብደብ ሲሆን፣ ኳሱን በጣቶቹ እንዲገፋና ዓይኑን ከኳሱ ላይ እንዲያነሳ አሠልጣኙ ከፊቱ ቆሞ ጣቱን እያሳየ «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። መወርወር የመጨረሻው ነው። ቀለበቱ ሩቅ የሆነበት ልጅ ኳሱን ከጉልበቱ መካከል አንስቶ በሁለት እጁ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ልማዱ ከተተከለ በኋላ በአሥራ አምስት ዓመቱ መንቀል አድካሚ ነው። ቁና ወይም ቅርጫት በግድግዳ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል ከዚህ ያድናል።

በገጠሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕድሜና ክፍል አብረው እንደማይሄዱ አሠልጣኙ መርሳት የለበትም። ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ዘግይቶ የገባ የ13 ዓመት ልጅ ከስምንት ዓመት ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ይገኛል፤ በክፍል ከተቧደኑ ትልቁ ኳሱን ወስዶ አይመልስም። በየኔታ ቤት እንደሚደረገው ትልቁን የታናሾቹ አስጠኚ ማድረግ ጉልበቱን ለሥራ ያውላል። የሴቶቹ ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ ውኃና ማገዶ ከሚጠብቃቸው ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ እንዲቆዩ መጠበቅ ከንቱ ስለሆነ፣ ለእነሱ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜው ብቸኛው ሥልጠና ነው። ሆኖም በመቀለብ ትምህርት ወንዶቹን ሊቀድሙ የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ ቅልብልቦሹን በብዛት የተጫወቱት እነሱ ናቸውና።

የቀረው የምሰሶው ጉዳይ ነው። የብረት ምሰሶና የሲሚንቶ ወለል እስኪሠራ መጠበቅ በስፖርት ቢሮዎችም በትምህርት ቤቶችም የተለመደ ሰበብ ሆኖ ቆይቷል። 2 ሜትር ከ60 ለሚቆም ቀለበት ግን ብረት ግዴታ አይደለም። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ናይስሚዝ ቅርጫቱን በምስማር በመታበት በዚያው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ ከጎንደር እስከ ትክል ድንጋይ ባለው ደጋ በየጓሮው ይገኛል፤ ሁለት ቀጥ ያሉ ግንዶች፣ ጣውላ የተመታባቸው ሰሌዳዎችና የአንጥረኛ ሁለት ቀለበቶች፣ ድንጋዩ በተለቀመ፣ 12 ሜትር በ7 ሜትር በሆነ ግቢ ላይ ሲቆሙ፣ ያ ሜዳ በዓለም አቀፉ የሕፃናት ሕግ መሠረት ሙሉ ሜዳ ነው።